ከሾርትስቶፕ እስከ አሠልጣኝ፦ የአንድ የጃፓን ቤዝቦል ተጫዋች የሥራ ዘመን እንዴት ይነበባል?

የአንድ ጃፓናዊ ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ተጫዋች መዝገብ ሲከፈት በቅድሚያ ዓይን የሚገባው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ዓመት፣ ክለብ፣ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች፣ ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት)፣ ሆምረን (ኳሱ ከሜዳው አልፎ የሚወጣበት ምት)፣ የመምታት አማካይ። ባለመዝገቡ ኃይለኛ መቺ ከሆነ ሰንጠረዡ አብዛኛውን ታሪኩን ይናገራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው የሜዳው ማዕዘናት) መካከል በሾርትስቶፕነት ቆሞ ለሃያ ዓመት ያህል በመሬት ላይ እየነጠረ የሚመጣ ኳስ ሲለቅም የኖረ፣ ኋላም ይህንኑ ለሌሎች ያስተማረ ሰው ከሆነ ግን ሰንጠረዡ የሚሸሽገው ከሚያሳየው ይበልጣል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የእንዲህ ያለውን የውስጥ ሜዳ ተጫዋች የሥራ ዘመን በትክክል ለማንበብ፣ ብሎም በአማርኛ ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው ነው።

መመሪያው በባዶ ሜዳ እንዳይቆም አንድን ሰው እንደ ዋና ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፤ ኢባታ ሂሮካዙን። ኢባታ በ1975 በካዋሳኪ ከተማ ተወለደ፤ ከ1998 እስከ 2013 ለናጎያው ክለብ ለቹኒቺ ድራጎንስ፣ በ2014 እና በ2015 ደግሞ ለቶኪዮው ዮሚዩሪ ጃይንትስ ተጫወተ፤ ከዚያም በረዳት አሠልጣኝነት አልፎ በ2023 የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ኃላፊ ሆነ። ሌሎችም በየቦታው ይገባሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያስተካክሏቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ስም ነው። በጃፓን የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ስለዚህ «ኢባታ» የቤተሰቡ፣ «ሂሮካዙ» የራሱ ስም ነው። በጃፓን ጋዜጦችም ሆነ በጨዋታ ሜዳ ተጫዋቹ የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው። የምዕራባውያን ጽሑፎች ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጡት አንድ ሰው በሁለት ምንጮች ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። በጽሑፍዎ አንዱን ሥርዓት መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙት። የራስ ስም ብቻውን ሲጠራ ደግሞ እንደሚያሳስት ይወቁ፤ የኢባታ የቅርብ አጋር የነበረው አራኪም፣ ኋላ በምናብራራው «በንት» በተባለው ምት ክብረ ወሰን የሚታወቀው ካዋይም ሁለቱም «ማሳሂሮ» ናቸው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የጃፓን መዝገቦች፣ በተለይ የቆዩት፣ ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጥራሉ። የሾዋ ዓመት ሲያጋጥምዎ 1925ን፣ የሄይሴይ ከሆነ 1988ን፣ የሬይዋ ከሆነ 2018ን ይደምሩበት። ኢባታ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የተመረጠበት ሄይሴይ 9 ስለዚህ 1997 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎችን የሚጥል ወጥመድ አለ፤ ድራፍቱ የሚካሄደው የውድድር ዘመኑ ካበቃ ወይም ሊያበቃ ሲል በመሆኑ የተመረጠበት ዓመትና መጫወት የጀመረበት ዓመት አንድ አይደሉም። በ1997 የተመረጠ ሰው የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ 1998 ነው።

ሦስተኛው፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ዋነኛው ችግር ነው ብዬ የማምነው፣ «አሠልጣኝ» የሚለው ቃል ነው። በጃፓን ቤዝቦል ካንቶኩ እና ኮቺ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ካንቶኩ የቡድኑ አዛዥ ነው፤ አሰላለፉን ያወጣል፣ ወርዋሪውን መቼ እንደሚቀይር ይወስናል፣ ለሽንፈቱም ተጠያቂ ይሆናል። ኮቺ ደግሞ የአንድ ሙያ ኃላፊ ነው፤ የመምታት፣ የውርወራ፣ የውስጥ ሜዳ መከላከልና የሩጫ፣ የባትሪ ማለትም የወርዋሪና የያዢ ጥምረት እያለ ይከፋፈላል። ሁለቱንም «አሠልጣኝ» ብለን ስንጽፍ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ከቡድን መሪነት ወደ ተራ ረዳትነት የወረደ ወይም ያለ አግባብ የወጣ ይመስላል። እኔ ካንቶኩን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ኮቺን «ረዳት አሠልጣኝ» ብዬ የሙያ ዘርፉን አስከትልበታለሁ። «ዋና አሠልጣኝ» ማለትም አያዋጣም፤ ምክንያቱም ጃፓኖች «ሄድ ኮቺ» የሚሉት፣ ከካንቶኩ በታች ሆኖ ረዳቶቹን የሚያስተባብር ሌላ ሹመት አላቸው።

ከክለቡ በፊት ያሉት ዓመታት

ጃፓናዊ ተጫዋች ወደ ፕሮፌሽናል ክለብ የሚገባባቸው ዋና ዋና በሮች ሦስት ናቸው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ከድርጅት ቡድን። የትኛውን በር እንደተጠቀመ ሳይታወቅ የሥራ ዘመኑ ርዝመት ሊመዘን አይችልም። በ18 ዓመቱ የገባና በ24 ዓመቱ የገባ ሰው በ35 ዓመታቸው ቢያቆሙ አንደኛው ስድስት ዓመት የበለጠ ሂት የመሰብሰቢያ ጊዜ ነበረው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ውድድር ከ1915 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ በ1924 የተከፈተው የኮሺየን ስታዲየም የውድድሩ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። አንድ የሕይወት ታሪክ «ኮሺየን ደርሷል» ካለ የክልሉን ማጣሪያ አልፎ ወይም ተጋብዞ በዚያ መድረክ ተጫውቷል ማለት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከትምህርት ቤት ወጥቶ በድርጅት ቡድን የሚጫወት ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ደንብ አለው፤ ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ ከሆነ ሦስት ዓመት፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ከሆነ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በድራፍት ሊመረጥ አይችልም። በመዝገብ ላይ የሚታየው የዓመታት ክፍተት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው እንጂ ሥራ መፍታት አይደለም።

የያኩልት ስዋሎውሱ ሚያሞቶ ሺንያ ሁሉንም በሮች በተራ የረገጠ ሰው ነው። ከፒኤል ጋኩኤን ትምህርት ቤት ወደ ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ወደ ፕሪንስ ሆቴል ቡድን ሄደ፤ በ1994 በሁለተኛ ዙር ተመርጦ በ1995 መጫወት ጀመረ። ኢባታ ከሆሪኮሺ ትምህርት ቤት ወደ እስያ ዩኒቨርሲቲ አልፎ በ1997 በአምስተኛ ዙር ተመረጠ። አጋሩ አራኪ ማሳሂሮ ግን በ1995 ከኩማሞቶ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በአንደኛ ዙር በቀጥታ የመጣ ነው። ስለዚህ አራኪ በዕድሜ የሚያንስ ቢሆንም በክለቡ ውስጥ ከኢባታ ይቀድማል። የድራፍቱን ዙር መጻፍ አይርሱ፤ ክለቡ በመጀመሪያው ቀን ከሰውየው ምን ያህል እንደጠበቀ የሚናገር ብቸኛው የጽሑፍ ማስረጃ እሱ ነው። ድራፍት የተጀመረው በ1965 በመሆኑ ከዚያ በፊት ለገቡት እንዲህ ያለ መለኪያ አይፈልጉላቸው።

የቆመበትን ቦታ ይከተሉ

የውስጥ ሜዳው አራት ቦታዎች አሉት። በጨዋታ መዝገብ ላይ አንደኛ ቤዝ በ3፣ ሁለተኛ ቤዝ በ4፣ ሦስተኛ ቤዝ በ5፣ ሾርትስቶፕ በ6 ይመዘገባሉ፤ «6-4-3» የሚል ጽሑፍ ሲያገኙ ሾርትስቶፑ ኳሱን ለቅሞ ለሁለተኛው ቤዝ ሰው፣ እሱም ለአንደኛው ቤዝ ሰው ወርውሮ ሁለት ሯጮች በአንድ ጊዜ ወጡ ማለት ነው። ከአራቱ ከባዱ የሾርትስቶፕ ቦታ ነው፤ ሰፊ ክልል ይሸፍናል፣ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚወረውረውም ከሩቅ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብዙዎቹ ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ ቤዝ ይዛወራሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ቦታ የቀየረበት ዓመት የሥራ ዘመኑ ማጠፊያ ነው።

ሰንጠረዡ ይህን በግልጽ ካላሳየ የሽልማት ዝርዝሩን በቦታ ከፋፍለው ያንብቡ። ሚያሞቶ አሥር ጊዜ በመከላከል ብቃት የሚሰጠውን የጎልደን ግላቭ ሽልማት ወስዷል ማለት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ስድስቱ በሾርትስቶፕነት፣ የመጨረሻው በ2003፣ አራቱ ደግሞ ከ2009 እስከ 2012 በሦስተኛ ቤዝ የተገኙ መሆናቸውን ሲያዩ ግን ሰውየው በመሃል ቦታ እንደቀየረና በአዲሱም ቦታ እንደገና አንደኛ እንደሆነ ይገባዎታል። ከዚህ ጎን የኢባታን ዝርዝር ያስቀምጡት፤ የእሱ የሾርትስቶፕ ሽልማት የሚጀምረው ልክ በ2004 ነው። የማዕከላዊው ሊግ (ከሁለቱ የጃፓን ሊጎች አንዱ፤ ሌላው የፓሲፊክ ሊግ ነው) የሾርትስቶፕ ዙፋን ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈበትን ዓመት ማንም ሳይነግርዎ ከሁለት ዝርዝሮች አነበቡት ማለት ነው።

ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ስድስት ተከታታይ ዓመታት ኢባታ በሾርትስቶፕ፣ አራኪ በሁለተኛ ቤዝ ሽልማቱን አብረው ወሰዱ። ደጋፊዎች የሁለቱን ስም ቆርጠው «አራ-ኢባ» ይሏቸው ነበር። በ2010 ግን ካንቶኩ ኦቺያይ ሂሮሚትሱ ሁለቱን አቀያየራቸው፤ አራኪ ሾርትስቶፕ፣ ኢባታ ሁለተኛ ቤዝ ሆነ። በሊጉ ምርጥ ተብሎ ለስድስት ዓመት የተሸለመን ጥምረት መበተን ለብዙ ተመልካች ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ቡድኑ ግን በ2010ም በ2011ም የማዕከላዊው ሊግ አሸናፊ ሆነ። በ2012 ኦቺያይን የተካው ታካጊ ሞሪሚቺ፣ እሱም በዘመኑ የድራጎንስ የሁለተኛ ቤዝ ሰው የነበረ፣ ሁለቱን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሳቸው፤ ኢባታም በዚያው ዓመት በሾርትስቶፕነት ሰባተኛ ሽልማቱን አገኘ። አንድ የወደፊት አሠልጣኝ በ35 ዓመቱ ቦታ እንዲቀይር መገደዱ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ለአሥር ዓመት ያህል በደመ ነፍስ ሲያደርግ የኖረውን ነገር በሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ የእግር አረማመድ እንደ አዲስ ይማራል። ይህ የእኔ ግምት እንጂ ኢባታ የተናገረው አይደለም፤ ነገር ግን የሥራ ዘመኑን ስጽፍ ከሁሉም ዓመታት የበለጠ ቦታ የምሰጠው ለ2010 ነው።

ቁጥሮቹን ሲያነቡ

የመምታት አማካይ በጃፓን በዋሪ፣ በቡ እና በሪን ይነገራል፤ ዋሪ አሥረኛው፣ ቡ መቶኛው፣ ሪን ሺኛው ክፍል ነው። «ሦስት ዋሪ መታ» ከተባለ ከአሥር የመምታት ዕድል ሦስቱን ሂት አደረገ፣ ማለትም አማካዩ 0.300 ነው ማለት ነው።

የውስጥ ሜዳን ሰው ከመቺ የሚለየው ዓምድ ግን ሌላ ነው፤ የመሥዋዕት በንት። መቺው ኳሱን በኃይል ከመምታት ይልቅ ዱላውን አጋድሞ ያበርደዋል፤ እሱ ራሱ አውት ሆኖ፣ ማለትም ከተራው ወጥቶ፣ ቤዝ ላይ ያለውን ጓደኛውን አንድ እርምጃ ያሳልፈዋል። በጃፓን ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በተለይ በሁለተኛ ተራ ለሚመታ ሾርትስቶፕ የሙያው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካዋይ ማሳሂሮ በጃይንትስና በመጨረሻ በድራጎንስ ሲጫወት 533 የመሥዋዕት በንት አስመዝግቧል፤ በ2003 የአሜሪካዊውን የኤዲ ኮሊንስን ክብረ ወሰን አልፎ የዓለም ቀዳሚ ሆኗል። ሚያሞቶ 408 አለው፤ ከእነዚህ 67ቱን ያስቆጠረው በ2001 በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ሲሆን ይህም የጃፓን ክብረ ወሰን ነው። ሚያሞቶ ከዚህ ሁሉ በንት ጋር 2,133 ሂት መምታቱ ነው ይበልጥ የሚደንቀው። ሁለቱም ካዋይና ሚያሞቶ ኋላ ረዳት አሠልጣኝ ሆነዋል፤ በንት የሚበዛበት ዓምድ ያለው ሰው ወደ አሠልጣኝነት የመሄድ ዝንባሌ አለው ብዬ ብናገር በስታትስቲክስ የማስረግጠው ባይሆንም መዝገቦችን ያገላበጠ ሰው ይስማማኛል።

ሁለቱን ዓመታዊ ሽልማቶች አያምታቱ። ጎልደን ግላቭ በመከላከል ብቻ ይሰጣል፤ በ1972 ዳይመንድ ግላቭ በሚል ስም ተጀምሮ በ1986 የአሁኑን ስም ይዟል። ቤስት ናይን የዓመቱ ምርጥ ዘጠኝ ተጫዋቾች ምርጫ ነው፤ በተግባር መምታት ይጫነዋል። ሁለቱንም የሚመርጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ስለዚህ ሽልማቱ የሰውየውን ብቃት ብቻ ሳይሆን ዝናውንም ይለካል። ኢባታ ሰባት ጎልደን ግላቭ፣ አምስት ቤስት ናይን አለው።

ስህተቶችን ሲቆጥሩም ሜዳውን ይጠይቁ። የሃንሺን ታይገርስ ቤት የሆነው ኮሺየን የውስጥ ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ ኳሱ ጠጠር ነክቶ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። ኢባታና አራኪ የተጫወቱበት የናጎያው ዶም ግን ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት ነው። በሁለቱ ሜዳዎች ላይ የተቆጠረ አንድ ስህተት እኩል ክብደት የለውም። የጨዋታው ብዛትም እንዲሁ ይለያያል፤ ለረጅም ዘመን በዓመት 130 ጨዋታ ይደረግ ነበር፣ ከ2015 ወዲህ 143 ሆኗል፣ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት 120 ብቻ ተደርጓል። የሁለት ዘመን ሰዎችን ድምር ከማወዳደርዎ በፊት በጨዋታ ያካፍሉ።

በመጨረሻ 2,000 የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ። በ1978 የተመሠረተው መይኪዩካይ የተባለው ማኅበር መቺን የሚቀበለው 2,000 ሂት ሲሞላ ነው፤ ለወርዋሪ 200 ድል ወይም 250 ሴቭ (የቡድኑን መሪነት አስጠብቆ ጨዋታ መጨረስ) ይጠይቃል። አራኪ በ2017 ደረሰበት። ኢባታ በ1,912 ቆመ። የጃፓን ጋዜጣ ስለ እሱ ሲጽፍ ይህ 88 ሂት ጉድለት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ እርስዎም ያንሱት፣ ግን እንደ ውድቀት አይጻፉት። በቡድን ፍላጎት የሚመታ ሰው ለግሉ ሊያስቆጥር የሚችለውን ሂት በፈቃዱ የተወባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

የሥራ ዘመኑ ማብቂያ

የተጫዋችነት ዘመን እንዴት እንዳበቃ በጥንቃቄ ይለዩ። «ጡረታ ወጣ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር የተለያዩ ነገሮችን ይጠቀልላል። ተጫዋቹ ራሱ ማቆሙን ሊያሳውቅ ይችላል፤ ክለቡ ለቀጣዩ ዓመት እንደማይፈልገው ሊነግረው ይችላል፤ ወይም በደመወዝ ሳይስማሙ ሊለያዩ ይችላሉ። በደንቡ መሠረት ክለብ ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ ሊቀንስ የሚችለው የደመወዝ መጠን ተወስኗል፤ ከ100 ሚሊዮን የን በላይ ለሚከፈለው 40 በመቶ፣ ለሌላው 25 በመቶ። ከዚህ በላይ ቅነሳ ሲቀርብ ተጫዋቹ እምቢ ብሎ በነፃ መውጣት ይችላል። ኢባታ ከ2013 በኋላ ድራጎንስን የለቀቀው በደመወዝ ድርድር ሳይስማማ ቀርቶ ነው። ያሳደገውን ክለብ ትቶ ወደ ተቀናቃኙ ጃይንትስ መሄዱ የአሠልጣኝነት ዘመኑን ቦታ ወሰነ፤ በ2015 መጫወት ሲያቆም ከ2016 ጀምሮ እስከ 2018 ረዳት አሠልጣኝ የሆነው በናጎያ ሳይሆን በቶኪዮ ነው። አራኪ በተቃራኒው በ2018 መጫወት አቁሞ በዚያው በድራጎንስ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ቀረ። የመጨረሻው ክለብ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የአሠልጣኝነት ደጅ ነው።

አሠልጣኝነቱን ማንበብ

እዚህ ላይ ሰንጠረዡ ያልቃል። ለረዳት አሠልጣኝ አማካይም ሂትም አይመዘገብለትም፤ የሚቀርልዎ የሹመት ስምና ዓመት ብቻ ነው። ሹመቱን ሲያነቡ በቅድሚያ ኢቺ-ጉን ወይም ኒ-ጉን የሚለውን ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው ዋናው ቡድን፣ ሁለተኛው ተጠባባቂዎችና ወጣቶች የሚያድጉበት ቡድን ነው። ኒ-ጉን ማለት ውርደት አይደለም። ኦካዳ አኪኖቡ የሃንሺንን ኒ-ጉን በካንቶኩነት መርቶ፣ በ2003 የዋናው ቡድን ረዳት ሆኖ፣ በ2004 ካንቶኩ ተሾመ። ፎቶግራፍ ካጋጠመዎ የማሊያውን ቁጥር ይመልከቱ፤ አሠልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በላይ ያለ ቁጥር ይለብሳሉ፣ ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር ደግሞ በ2005 በተጀመረው የማሳደጊያ ውል የተያዙ ወጣቶች ምልክት ነው።

ለቀድሞ የውስጥ ሜዳ ሰው በብዛት የሚሰጠው ሹመት «የውስጥ ሜዳ መከላከልና የቤዝ ሩጫ» ነው። ሥራው ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ጠዋት የሚሠራው ነው፤ ጃፓኖች «ኖኩ» የሚሉት፣ አሠልጣኙ በቀጭን ረጅም ዱላ ኳስ እየመታ ተጫዋቹን የሚያስለቅምበት ልምምድ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1፣ ክለቦቹ በሚያዛኪና በኦኪናዋ ካምፕ ሲገቡ ይህ ምት ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። ሁለተኛው ማታ በጨዋታው ላይ የሚታየው ነው፤ ከሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሯጩን «ቁም» ወይም «ሩጥ» ማለት።

የዚህን ሁለተኛ ሥራ ዋጋ ለመረዳት ከ1987ቱ የጃፓን ሲሪዝ (የሁለቱ ሊጎች ቡድኖች የሚገናኙበት የዓመቱ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሴይቡ ላየንስ ከጃይንትስ ጋር ይጫወታል፤ ከዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች ስምንተኛው ኢኒንግ ነው፣ ሁለት ሰው አውት ሆኖ ወጥቷል፣ የሴይቡ የሁለተኛ ቤዝ ሰው ትሱጂ ሃትሱሂኮ አንደኛ ቤዝ ላይ ነው። አኪያማ ኮጂ ወደ መሃል ሜዳ ተራ ሂት መታ። በእንዲህ ያለ ምት ሯጩ ሦስተኛ ቤዝ ቢደርስ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሦስተኛ ቤዝ አሠልጣኙ ኢሃራ ሃሩኪ፣ እሱም የቀድሞ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች፣ የጃይንትሱ የመሃል ሜዳ ሰው ዋረን ክሮማርቲ ኳስ ሲመልስ ዘና እንደሚል አስቀድሞ አጥንቶ ነበር። ክንዱን አሽከረከረ፤ ትሱጂ ሳይቆም ሦስተኛውን ቤዝ ዞረ። ኳሱን ከክሮማርቲ የተቀበለው ሾርትስቶፕ ካዋይ ነበር፤ ወደ ሆም (ሯጩ ሲደርስ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ቤዝ) ሲመለከት ዘግይቷል። ትሱጂ ከአንደኛ ቤዝ ተነስቶ በአንድ ነጠላ ሂት ሆም ገባ፤ ጨዋታው 3 ለ 1 አልቆ ሴይቡ ሻምፒዮን ሆነ። በይፋዊው መዝገብ ሂቱ የአኪያማ፣ ነጥቡ የትሱጂ ነው፤ የኢሃራ ስም የለም። በዚያ አንድ ቅጽበት ውስጥ የነበሩት ሦስቱ የውስጥ ሜዳ ሰዎች ሁሉም በየፊናቸው አሠልጣኞች ሆነዋል፤ ኢሃራ በ2002 በካንቶኩነት ሴይቡን ለሊጉ ዋንጫ አበቃ፣ ካዋይ በድራጎንስና በጃይንትስ ረዳት ሆነ፣ ትሱጂ ከ2017 እስከ 2022 ሴይቡን መርቶ በ2018 እና በ2019 የፓሲፊክ ሊግን አሸነፈ። ስለ አንድ ረዳት አሠልጣኝ ሲጽፉ እንዲህ ያለ አንድ ቅጽበት ፈልገው ያግኙ፤ ካላገኙ ሹመቱን ጽፈው ይለፉ እንጂ የቡድኑን ውጤት ለእሱ አይስጡት።

ለካንቶኩ ግን ውጤቱ የራሱ ነው፤ እዚያም ቢሆን ጊዜውን ይመዝኑ። የጃይንትስ ሾርትስቶፕ የነበረው ሂሮኦካ ታትሱሮ በ1978 ያኩልትን፣ በ1982 እና በ1983 ሴይቡን ለጃፓን ሲሪዝ ድል አበቃ፤ በተጫዋቾቹ አመጋገብ ላይ ሳይቀር በሚያደርገው ጥብቅ ቁጥጥር ይታወቃል። የሃንሺኑ ሾርትስቶፕ ዮሺዳ ዮሺኦ ክለቡን ሦስት ጊዜ በካንቶኩነት መርቷል፤ የሚታወሰው ግን በ1985ቱ የመጀመሪያ የጃፓን ሲሪዝ ድል ነው፣ በኋላም የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኗል። በ1985 በዚያ ቡድን ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነበረው ኦካዳ፣ ከላይ በኒ-ጉን ያነሳነው ሰው፣ ከ38 ዓመት በኋላ በ2023 ካንቶኩ ሆኖ የክለቡን ሁለተኛ ድል አመጣ። አንድን ሰው በአንድ የሹመት ዘመን ብቻ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከእነዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ መንገድ የወጡትንም አይርሱ። የሂሮሺማ ካርፑ የሦስተኛ ቤዝ ሰው ኪኑጋሳ ሳቺኦ 2,215 ተከታታይ ጨዋታዎችን የተጫወተ ጀግና ነው፤ በካንቶኩነትም ሆነ በረዳት አሠልጣኝነት ግን ማሊያ አልለበሰም። የአሠልጣኝነት ዓምድ ባዶ መሆኑ ራሱ መረጃ ነው፤ ባዶውን ባዶ ብለው ይጻፉት።

የብሔራዊ ቡድን ዓምድ

ይህ ክፍል ከክለቡ ታሪክ ተነጥሎ መጻፍ አለበት፤ በኢባታ ሕይወት ውስጥ ሁለቱ እኩል ይከብዳሉና። በ2013 የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ጃፓን በቶኪዮ ዶም ከታይዋን ጋር ስትጫወት በዘጠነኛው ኢኒንግ ሁለት ሰው ወጥቶባት በአንድ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ሌላው ሾርትስቶፕ ቶሪታኒ ታካሺ ሁለተኛ ቤዝን ሰረቀ፤ ኢባታ ወደ መሃል መትቶ አስገባው። ጃፓን በአሥረኛው ኢኒንግ 4 ለ 3 አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ኢባታ በካንቶኩ ኢናባ አትሱኖሪ ስር የብሔራዊ ቡድኑ የውስጥ ሜዳ መከላከልና የሩጫ ረዳት ሆኖ በ2021 በቶኪዮው ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉትንም ልጆች መርቷል። በጥቅምት 2023 የዋናው ብሔራዊ ቡድን ካንቶኩ ተሾመ፤ በዚያው ኅዳር የእስያ ፕሮፌሽናል ሻምፒዮና በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በኅዳር 2024 በፕሪሚየር 12 ፍጻሜ በዚያው በቶኪዮ ዶም በታይዋን 4 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ሜዳ በተመሳሳይ ተጋጣሚ ላይ የተጫዋችነቱን ትልቁን ሂት መትቶ እንደነበር ያስተዋለ ጸሐፊ ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ አንቀጽ ያስቀምጣቸዋል።

መዝገቡን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። የጃፓን ክለቦች የአሠልጣኞቻቸውን ስም ዝርዝር የሚለውጡት የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «አሁን በዚህ ክለብ ረዳት አሠልጣኝ ነው» ብለው የጻፉትን ዐረፍተ ነገር «ከዚህ ዓመት ጀምሮ» ብለው ይለውጡትና የሹመቱን ዓመት በአኃዝ ይጻፉበት።